ከጋኑ ሥር ያለው ድንጋይ

ደምለው በመንደሩ በሁለት ነገር የታወቀ ነበር፤ በሰሊጡና በምክንያቱ። ሰሊጡ አንዳንድ ዓመት ይከዳዋል፤ ምክንያቱ ግን ከድቶት አያውቅም። ማሳው አረም ሲውጠው «አፈሩን ፀሐይ እንዳይበላው ብዬ ነው የተውሁት» ይላል። ቅዳሴ ሲያረፍድ «ቄሱን ቀድሞ መግባት ነውር ነው» ይላል። ሚስቱ ፋናዬ ከእነዚህ ምክንያቶች ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። እንደ ልጆቿ ታውቃቸዋለች፤ የትኛው መቼ እንደተወለደ ሳይቀር።

መንደራቸው ከመተማ ወደ ኮኪት ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብላ የተቀመጠች ናት። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፋናዬ ጥቅምት ላይ ወባ ጥሏት አሥራ ሰባት ቀን ተኝታ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ፣ «ሚካኤል፣ ከዚህ አልጋ ካስነሣኸኝ ከባሌ ጋር እቆርባለሁ» ብላ ተሳለች። ሚካኤልም አላሳፈራት፤ ተነሣች። ቀኑም ለሰኔ ሚካኤል ተቆረጠ። ሰኔ እንደ ገባ የድግሱ ጠላ ተጠነሰሰ፤ ደምለውም ሊናዘዝ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ገብረማርያም ተላከ። ሄደ ከማለት ተላከ ማለቱ ይሻላል።

ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቁ ዲዛ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዝንብ በጭራቸው ያባርራሉ።

«እሺ» አሉ።

«አንድ ረቡዕ ወተት ጠጥቻለሁ አባ። ረቡዕ መሆኑ የተነገረኝ ግን ከጠጣሁ በኋላ ነው።»

«ሌላስ?»

«የጎረቤቴን የአዛናውን ድንበር አንድ ትልም ያህል ገፍቻለሁ። እሱም ቢሆን በሬው ነው።»

«በሬው ራሱ መጥቶ ይናዘዛል። አንተስ?»

«ከዚህ ሌላ የለብኝም።»

ቄስ ገብረማርያም ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የሐሚዳ ግመልስ?»

ደምለው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ሐሚዳ በመንደሩ ዳር ጨውና ጨርቅ የምትሸጥ እስላም ናት። ባሏ ሽኩር በአንዲት ቀይ ግመል ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ጨው እየጫነ ያመጣላት ነበር። ጣሊያን በገባ ዓመት፣ ባንዶች የጭነት ከብት ሲያስሱ ወደ መንደሩ መጡ። መጀመሪያ ያገኙት ደምለውን ነው። የደምለው በቅሎ ያን ጊዜ ከጓሮ፣ በማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ተሸሽጋለች። «የጭነት ከብት ያለው ማን ነው?» አሉት። ደምለው ቃል አልተነፈሰም። ጣቱንም አላነሣም። አገጩ ብቻ ወደ ሽኩር ቤት ትንሽ ዘወር አለ።

ግመሏ ተወሰደች። ሽኩርም «ያለ እኔ ማንም አያስነሣትም» ብሎ ተከትሏት ሄደ። በዓመቱ፣ ወደ ጎንደር በሚወጣው መንገድ ላይ በንዳድ እንደሞተ ወሬ መጣ። ግመሏ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ደምለው ይህ ነገር ትዝ ባለው ቁጥር የሚያስበው ስለ ግመሏ ነበር። ግመል ማሰብ ይቀላል።

«አባ፣ እኔ ጣቴን አላነሣሁም» አለ።

«አገጭህስ?»

«አገጭ ምን ያውቃል? ዝንብ አርፎብኝ ይሆናል።»

«እንግዲያው ዝንቡንም አንተንም ይቅር ትበላችሁ። ሂድና ጠይቃት። ይቅር ካላለችህ አልፈታህም። ካልፈታሁህ አትቆርብም።»

ደምለው ተነሥቶ ጥቂት ተራመደና ተመለሰ። አዲስ ምክንያት ሲወለድለት ፊቱ ይበራ ነበር፤ አሁንም በራ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ ስንታረቅ 'ይቅር ለእግዚአብሔር' ነው የምንል፤ ክርስቶስ በደሙ ስለማረን እኛም እንማራለን። እሷ አልተጠመቀች፤ ማተብ የላትም። ይቅር ብትለኝስ ይቅርታዋ ከሰማይ በየትኛው በር ይገባል? የማይገባ ነገር ከምለምን፣ እርስዎ እዚሁ ቢፈቱኝ አይሻልም?»

ቄሱ ቅኔ ቤት ሳሉ እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ገጥሟቸው ያውቃል።

«ግሩም ጥያቄ ነው» አሉ። «ባንዳው በጠየቀህ ቀን አገጭህ ከመዞሩ በፊት ማተቧን አይቷል?»

«አላየም።»

«እንግዲህ በደልህ በየትኛው በር ነበር የገባው? ይቅርታውም በዚያው በር ይግባ።»

ደምለው ቤቱ ሲደርስ ነገሩን ለፋናዬ በራሱ መንገድ ነገራት፤ ቄሱ ነገር እንዳከበዱ፣ ቁርባኑን ለፍልሰታ ማዛወር እንደሚሻል። ፋናዬ የጌሾ ቅጠል ከእጇ እያራገፈች ሰማችው።

«ስዕለቴን አላዛውርም» አለች። «ሰኔ ሚካኤል እቆርባለሁ። አብረኸኝ ከቆረብህ ባሌ ነህ። ብቻዬን ከቆረብሁ ግን ቆብ መጫኔ ነው፤ አንተም ጎረቤቴ ነህ። ጎረቤት ደግሞ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«የት ነው ቤቴ?»

«በቅሎዋን የደበቅህበት አገዳ አለልህ።»

በነጋታው ደምለው አንድ ገንቦ ማር ተሸክሞ ወደ ሐሚዳ ሄደ። በመንገድ ላይ ብልሃት አሰበ። እስላሞች እርስ በርሳቸው ሲታረቁ «አውፍ በለኝ» እንደሚባባሉ ሰምቷል። በእሷ ቋንቋ ከጠየቃት መንበርከክም የለ፣ አንገት መድፋትም የለ፤ ቃል ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ማር አለበት።

ሐሚዳ ከደጃፏ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ አቡጀዲ በክንዷ ትለካለች።

«አውፍ በይኝ ሐሚዳ» አለና ማሩን አስቀመጠ።

ሐሚዳ የለካችውን ሳትለቅ ቀና አለች። «መቼ ሰለምህ አያ ደምለው? ሳልሰማ። ውኃው በማሰሮው ውስጥ ነው፤ እጅህንም እግርህንም ታጠብ። ዙሁር ሶላት ሊደርስ ነው።»

«ኧረ እኔስ አልሰለምሁም።»

«አልሰለምህም? ታዲያ በእኔ ሃይማኖት ምን ያደርግልሃል? ክርስቲያን የበደለውን ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ምን ተሸክሞ ነው የሚሄደው?»

«ድንጋይ።»

«በአንገቱ?»

«በአንገቱ።»

«እኔ ዘንድ ሲሆን ማር ሆነ።» አቡጀዲውን አጠፈችው። «የሐሚዳ ይቅርታ ከሰማይ በየትኛው በር እንደሚገባ አይታወቅም ብለሃል አሉ።»

ደምለው ደነገጠ። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«የቄሱ ሚስት ከዲዛው ጀርባ ማገዶ ትለቅም ነበር። ከዚያ ጨው ልትገዛ መጣች። እኔም በሩን አላውቀውም አያ ደምለው። አንተ ግን የራስህን ታውቃለህ፤ በዚያው በራስህ በር ና።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ስለ ምን ነው ይቅርታው?» አለች።

«ስለ ግመሏ።»

ሐሚዳ የታጠፈውን አቡጀዲ ከጎኗ አኖረች።

«ስለ ግመሏ» አለች። «መልካም። ማርህን ይዘህ ተመለስ፤ ጉንዳን ይወረዋል።»

ደምለው ማሩን እንደ ተሸከመ ተመለሰ። አሁን ችግሩ ድንጋይ ሆነ።

የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው። ቢቆፍሩት ዋልካ፣ ከሥሩም ዋልካ። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ በክረምት ጫማና ሰኮና አልለቅም ይላል። ድንጋይ የሚባል ግን ለዓይን የለም፤ ጉልቻ እንኳ ከኩይሳ አፈር ነው የሚበጀው። የመንደሩ አያቶች ከደጋ ሲወርዱ ይህን አይተው፣ ድንጋይ በሌለበት ሰው እንዴት ይታረቃል ብለው ከጭልጋ አንድ ጥቁር ድንጋይ በአህያ አምጥተው በሚካኤል ደጅ አኖሩ። የተጣላ ሁሉ በተራ እየወሰደ ይሸከመው ነበር።

ይህ ድንጋይ ከጠፋ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወሰደው እየተባለ ይወራል። ድንጋዩ ከጠፋ ወዲህ የመንደሩ ጠብ ሁሉ ሳይታረቅ ቀርቷል፤ ጀምበሩና አዛናው በአንዲት ጊደር የተነሣ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ላይ ፊታቸውን አዙረው ይተላለፋሉ።

ድንጋዩ ግን ጣሊያን ዘንድ አልነበረም። ከደምለው ጋን ሥር ነበር።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። ደምለው ከአማቱ ጋር ሊታረቅ ድንጋዩን ተውሶ አምጥቶ ነበር። ታረቀ። ለመመለስ ሲነሣ ሞቀው፤ ነገ እመልሳለሁ አለ። በማግሥቱ ፋናዬ ትልቁን ጋን የምታስደግፍበት አጥታ ድንጋዩን ከሥሩ ሸጎጠችው፤ ጋኑም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ድንጋዩን ጣሊያን ወሰደው የሚል ወሬ ማን እንደ ጀመረ አይታወቅም፤ ደምለው ግን ሰምቶ ዝም አለ። ለጣሊያን አንድ ድንጋይ ቢጨመርበት ምኑ ይከብደዋል?

አሁን በጋኑ ውስጥ የሚካኤል ጠላ እየፈላ ነው። ድንጋዩ ቢወጣ ጋኑ ይወድቃል። ድንጋዩን ይዞ በመንደሩ ቢያልፍ ደግሞ ሦስት ዓመት የተጣላ ሕዝብ ይወድቅበታል። ጓንግ ወንዝ ወርዶ ሌላ ድንጋይ ማምጣት ይቻላል፤ ግን ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም እንደምታውቁት ነው።

ስለዚህ ደምለው ድንጋይ ሠራ።

ከፋናዬ አሮጌ ቅሎች ትልቁን መረጠ። ዋልካ በጭድ አቦካና ቅሉን ዙሪያውን መረገው፤ አመድ ነሰነሰበት። ሦስት ቀን ከጣራ ላይ አደረቀው። በአራተኛው ቀን ሲያወርደው ራሱን ማመን አቃተው፤ ጥቁር፣ ሻካራ፣ ግርማ ያለው ድንጋይ። ሲያንኳኩት ትንሽ ይጮኻል እንጂ ሌላ እንከን አልነበረበትም። ክብደቱም የአንድ ሕፃን ያህል ነው፤ ያውም ጡት ያልጠገበ ሕፃን።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ፋናዬ።

«ድንጋይ።»

«ከየት መጣ?»

«ከቆላ» አለና ወጣ።

ሰው እንዳያየው በማሳዎቹ ጀርባ ዞረ። እየተጎነበሰ፣ አልፎ አልፎም ማንም ሳይኖር እያቃሰተ ሄደ፤ ማቃሰት ልምምድ ይፈልጋል። የሐሚዳ ቤት የአንድ ማሳ ያህል ሲቀረው ነፋስ ተነሣ። ከሱዳን በኩል ደመናው ጠቆረ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጠብታ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ አረፈች።

ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ ማንንም አያውቅም። ጥቁር ጭቃ በአንገቱ፣ በጆሮው ሥር፣ በጥብቆው ውስጥ ወደ ጀርባው መውረድ ጀመረ። ቢመለስ ሩቅ ነው። ቢቆም ይባስ። ሮጠ። በአንገቱ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሲሮጥ ያኔ ነው የታየው፤ ከሐሚዳ ደጅ ደርሶ ተንበረከከና ግንባሩን ከመሬት ተከለ።

«ይቅር በይኝ!»

ሐሚዳ ከደጃፏ ቆማ ዝናቡን ታይ ነበር። ከእግሯ ሥር የተደፋውን ሰው አየች። በአንገቱ ላይ አንድ ቢጫ ቅል ዝናብ አጥቦት ያበራል፤ ጥቂት ጭድ እንደ ጢም ተንጠልጥሎበታል።

«አያ ደምለው።»

«አቤት።»

«ድንጋይህ አፍ አለው።»

ደምለው ቀና ሳይል በእጁ ዳሰሰው። አፉን አገኘው።

«የወንዝ ድንጋይ ነው» አለ። «ውኃው ቦርቡሮት ነው።»

«እንዲያ ነው? ቆይ ውኃ ልሙላልህ፤ ትንሽ ይክበድህ።»

ከዚያ ሳቀች። መጀመሪያ በእጇ አፏን ይዛ፣ ኋላ የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች። ደምለውም ከጭቃው ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያያት መሳቅ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህች ሴት ስትስቅ ያየ የለም። ዝናቡ በጣራው ላይ ይጮኻል፤ እሷ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «ወይኔ» አለች፣ «ወይኔ፣ ሽኩር ይህን ቢያይ...»

ሳቋ እዚያ ላይ ቀረ።

ከደጃፉ ፊት ለፊት የግመሏ ማሰሪያ ካስማ እንደ ተተከለ ነው። የታሰረበት ነገር የለም። ሐሚዳ ወደ እሱ አየች፤ ከዚያ ወደ ደምለው።

«ስለ ምን ነበር የመጣኸው?»

ደምለው አፉን ከፈተ። «ስለ ግ...» አለና ቃሉ አልወጣ አለው።

«ሂድ» አለች በቀስታ። «ዝናቡ ሳይብስብህ ሂድ።»

ወደ ቤቱ ሲሄድ ዝናቡን አልተሸሸገም። ሳቋ አልነበረም የተከተለው፤ የሳቋ መቆም ነው። ሽኩርን አስታወሰው። ሽኩር ሲስቅ ግመሏም አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያዋን ትመለከት ነበር። ትምባሆ ሲያካፍለው ሁልጊዜ የሚበልጠውን ወደ ደምለው ይገፋ ነበር። ይህን ሁሉ ሁለት ዓመት አላሰበውም፤ ቦታውን ግመሏ ይዛበት።

ቤቱ ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ጭቃው እላዩ ላይ ደረቀ። ፋናዬ ምክንያቱን ጠበቀች። አልመጣም። ጥቂት ቆይታ እንደገና ጠበቀች። ያን ጊዜ ፈራች።

«ምን ሆነሃል?»

«ድንጋዩን ልወስደው ነው» አለ።

ፋናዬ ጋኑን አየችው። ነገ ሚካኤል ነው። ጠላው እየተነፈሰ ነው። በድንጋዩ ምትክ ልትሸጉጠው ሙቀጫውን አንከባልላ አመጣች። «አንተ እቀፈው፤ እኔ እስበዋለሁ» አለች።

ደምለው ጋኑን እንደ ዘመድ አቀፈው። ፋናዬ ተንበርክካ ሳበች። ድንጋዩ ሦስት ዓመት ከለመደው ጎጆ አልወጣም ብሎ አስቸገረና ድንገት ወጣ። ጋኑ ሙቀጫውን ናቀ። በደምለው ደረት ላይ ተንጋደደ፤ ድፍድፉ በጭቃው ላይ፣ በሆዱ፣ በእግሩ ጣቶች መካከል ወረደ። ሲያቀኑት ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር።

ደምለው የሚስቱን ፊት ለማየት ፈራ።

«ለሚካኤል ጠላ አልተሳልሁም» አለች ፋናዬ ድንጋዩን በቀሚሷ እየጠረገች። «ታጠብና ሂድ። ጌሾ ጌሾ ትላለህ።»

በዚህ ጊዜ በማሳ ጀርባ አልዞረም። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አድርጎ በመንደሩ መካከል ተነሣ። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ማቃሰት ልምምድ እንደማይፈልግ አወቀ። ዋልካው በየእርምጃው እግሩን ይይዛል። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጀምበሩ ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ፦

«አንተ! ያ የዕርቁ ድንጋይ አይደለም? ጣሊያን ወሰደው አልነበረም እንዴ?»

መንደሩ ሁሉ ጆሮውን አቀና። ደምለው ምን ሊል እንደሚችል ለመስማት የማይፈልግ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ምክንያት በዓመት አንዴም አይገኝ።

«ከጋኔ ሥር ነበር» አለ ደምለው፤ መንገዱንም ቀጠለ።

ጀምበሩ ከአጥሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ከሐሚዳ ደጅ፣ ከካስማው አጠገብ ተንበረከከ። ሐሚዳ ወጥታ ቆመች። አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። አልተፋቀም።

«ስለ ምን?» አለች።

«ስለ ሽኩር።»

«ሽኩር ምን?»

ድንጋዩ ትንፋሹን ያዘው። «ባንዶቹ ሲጠይቁኝ በቅሎዬ አገዳው ውስጥ ነበረች። በአገጬ ቤታችሁን አሳየሁ። ዝንብ አልነበረም ሐሚዳ። ግመሏን ብቻ ይወስዳሉ ብዬ ነበር። እሱ ግመሏን ለብቻዋ እንደማይሰድድ ግን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር።»

ከጣራው ጫፍ የቀረው ውኃ ይንጠባጠባል።

«አይቶህ ነበር» አለች ሐሚዳ።

«ማን?»

«ሽኩር። አገጭህን አይቷል። ግመሏን ሲያስነሣ ጠጋ ብሎ ምን አለኝ መሰለህ? 'የደምለው በቅሎ ጆሮዋ ከአገዳው ወጥቷል፤ እነዚህ ሲሄዱ ንገሪው፤ ነገም ይመለሱ ይሆናል' አለኝ። ባንዳው በአጠገቡ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ይበቃው ነበር።»

ደምለው ከድንጋዩ ሥር አልተንቀሳቀሰም።

«አልነገርሽኝም» አለ።

«አልነገርሁህም። መጥተው እንዲወስዱብህ ሦስት ቀን ሙሉ ዱዓ አደረግሁ። በቅሎህ ይኸው እስከ ዛሬ ሣር ትግጣለች። እንግዲህ የማን ጸሎት በየትኛው በር እንደሚገባ እኔም አንተም አላወቅነውም።»

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አነሣችው። ከብዷት ነበር፤ ሊያግዛት ሲነሣ ግን በዓይኗ አስቀመጠችው። ከካስማው ሥር አኖረችው።

«የእኔን ይቅር ብያለሁ» አለች። «የሽኩርን ግን አልሰጥህም። እምቢ ብዬ አይደለም፤ የእኔ ስላልሆነ ነው።»

«በቅሎዋን ውሰጃት።»

«በቅሎህን አውቃታለሁ። እንደ ጌታዋ ምክንያት ታበዛለች። በገበያ ቀን ከመተማ ጨዌን ታምጣልኝ። አንተ ራስህ እየሳብሃት።»

«እሺ።»

«ፀሐይ ነው፣ ዝናብ ነው የለም።»

«የለም።»

ወደ ማታ ደምለው ቄስ ገብረማርያምን ከዲዛው ሥር አገኛቸው። የሆነውን ሁሉ አንዲት ምክንያት ሳይጨምርበት ነገራቸው። ቄሱም እንዲህ ያለ ኑዛዜ ከእሱ ሰምተው ስለማያውቁ ሁለት ጊዜ «ሌላስ?» ሊሉት ጀምረው ተዉት።

«የራሷን ይቅር አለችኝ አባ። የሽኩርን ግን አላገኘሁም። ግማሽ ይዤ ነው የመጣሁ። በግማሽ ይቆረባል?»

ቄስ ገብረማርያም መስቀላቸውን አወጡ።

«ሌላውን ግማሽ እስክትሞት ትለምነዋለህ» አሉ። «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ይዞ የቆረበ እኔ አላየሁም። ና ተሳለም።»

በማግሥቱ ደምለውና ፋናዬ በአንድ መጎናጸፊያ ተሸፍነው ቆረቡ። ጠላው ግማሽ ስለሆነ እንግዳው ሁሉ ግማሽ ዋንጫ ጠጣ፤ ያም ሆኖ ደስ ብሎት ሄደ። ጋኑ በሙቀጫው ላይ እንደ ተንጋደደ ቀረ።

ድንጋዩን ወደ ሚካኤል ደጅ ለመመለስ ያሰበ ነበር። ቄሱ ግን «ያነሣችው እሷ ናት፤ ባለበት ይቆይ» አሉ። ስለዚህ የክርስቲያኑ መንደር ሊታረቅ ሲፈልግ ድንጋይ የሚዋሰው ከሐሚዳ ሆነ። መጀመሪያ የመጡት ጀምበሩና አዛናው ናቸው፤ ተራርቀው፣ አንዱ ከካስማው በዚህ፣ አንዱ ከካስማው በዚያ ቆሙ።

«ስለ ምን?» አለቻቸው ሐሚዳ።

«ስለ ጊደሯ» አሉ አንድ ላይ።

ሐሚዳ ድንጋዩን አልሰጠቻቸውም። ጀምበሩ ራሱን አከከ። አዛናው ወደ ጫማው አየ። ጥቂት ቆይተው ሁለቱም ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ሄደው ቁጭ አሉ፤ የእውነቱን ነገር ለማስታወስ እስከ ቀትር ፈጀባቸው። ድንጋዩን ያን ዕለት ተሸክሞ የሄደው ጀምበሩ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲመልሰው ደምለው በቅሎዋን እየሳበ የጨው ጭነት አድርሶ ከደጃፉ ላይ ያራግፍ ነበር። ሐሚዳ ድንጋዩን ተቀብላ፣ ወደ ደምለው ቀና ብላ እያየች፣ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ከቦታው አኖረችው።